የፑሪም ኩኪስ ኦቨን ውስጥ ለምን ይከፈታል?

ፑሪም የሚባለው የአይሁዶች በዓል ሲቃረብ እስራኤል አገር ያለ ዳቦ ቤት ሁሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ኩኪስ ይደረድራል፣ መሃሉ ትንሽ ክፍት ሆኖ ጥቁር ወይ ቀይ ነገር ብቅ ያለበት። አሜሪካ ውስጥ ሃማንታሽ ይሉታል፣ እስራኤል ደግሞ ኦዝኔይ ሃማን። ከሱቅ ሲገዛ በጣም ቀላል ነገር ይመስላል፣ ቤት ሲሞከር ግን ብዙ ሰው ላይ የሚደርሰው ያው አንድ ነው፣ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የገባው ኩኪስ ተዘርግቶ፣ ጃሙ ፈሶ ትሪው ላይ ተቃጥሎ ይወጣል። ከዛ ሰው "እኔ እጄ ለዚህ አልተፈጠረም" ብሎ ይተወዋል። በጣም ያሳዝነኛል ይሄ፣ ምክንያቱም ከእጅ ጋር እምብዛም አይገናኝም፣ ነገሩ የሙቀትና የውሃ ጉዳይ ነው። እሱ አንዴ ከገባችሁ የማንንም ሪሲፒ ወስዳችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ።

በዓሉን ለማያውቅ በአጭሩ፣ መጽሐፈ አስቴርን ያነበበ ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። ገና በመጀመሪያው ቁጥር ንጉሥ አርጤክስስ ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ 127 አገሮችን ይገዛ ነበር ይላል። ሹሙ ሐማ (በዕብራይስጥ ሃማን የሚሉት) መርዶክዮስ አልሰግድልህም ስላለው ተናዶ አይሁዶችን በሙሉ በአንድ ቀን ለማስጨረስ ዕጣ አስጣለ፣ አስቴር 3 ቀን ጾማ ሳትጠራ ንጉሡ ፊት ቀረበች፣ መጨረሻ ላይ ሐማ ለመርዶክዮስ ባዘጋጀው 50 ክንድ እንጨት ላይ ራሱ ተሰቀለ። በዓሉ አዳር በሚባለው ወር 14ኛ ቀን ላይ ነው፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ በ15ኛው፣ በፈረንጆቹ ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ማርች መጨረሻ ባለው ጊዜ ይውላል። መጽሐፉ ማታና ቀን ይነበባል፣ ለድሃ ይሰጣል፣ ግብዣ ይበላል፣ ከዛ ደግሞ ለወዳጅ ምግብ ይላካል፣ ቢያንስ ለአንድ ሰው ሁለት አይነት የሚበላ ነገር። ኩኪሱ ይሄን ያህል የተወደደው በዚች በመጨረሻዋ ምክንያት ይመስለኛል፣ በሳህን ሆኖ ጎረቤት ጋ ሲሄድ አይፈስም፣ ማሞቅ አይፈልግም፣ በማግስቱም ይበላል። እንግዲህ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ተዘግቶ ከወጣ ነው።

ከሊጡ እንጀምር። በቅቤ ለሚሰራ ሰው 320 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 100 ግራም ስኳር፣ 150 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ አንድ እንቁላልና አንድ ተጨማሪ አስኳል፣ ቆንጠር ጨው፣ ከተገኘ የብርቱካን ልጣጭ ተፈቅፍቆ። 30 ገደማ ኩኪስ ይወጣዋል። ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ከሰውነታችን ሙቀት በታች ማለት ነው፣ ስለዚህ ሊጡን ስታሹት ስትነካኩት በእጃችሁ እያቀለጣችሁት ነው። ኦቨን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ቅርጹን የሚይዙት እንቁላሉና የዱቄቱ ስታርች ናቸው፣ እነሱ ግን መርጋት የሚጀምሩት ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። አያችሁ፣ መሃል ላይ ክፍተት አለ፣ ቅቤው ቀልጧል፣ እንቁላሉ ገና አልረጋም፣ በዛች ሰዓት ሊጡን የሚይዘው ነገር የለም። ሊጡ ሞቅ ብሎ ከገባ ያ ክፍተት ይረዝማል፣ ኩኪሱም ይረግባል፣ ማዕዘኖቹ ይለቃሉ። ቀዝቅዞ ደርቆ ከገባ ግን ከውስጥ ያለው ቅቤ ገና ሳይለቅ ውጪው ረግቶ ይቀድማል። ኩኪሱን ከማስገባታችሁ በፊት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ የሚባለው ለዚህ ነው እንጂ ለቅንጦት አይደለም።

ሌላው የምታውቁት ነገር ነው፣ ዱቄት ውሃ አግኝቶ ብዙ ሲታሽ ይለጠጣል። ለዳቦ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን ጠላት ነው፣ የተለጠጠ ሊጥ አጥፋችሁት ወደነበረበት መመለስ ይፈልጋል፣ ኦቨን ውስጥ ማዕዘኑን የሚያላቅቀው አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ ቅቤና ዱቄቱን በጣት ጫፍ እስኪፈረፈር አሽታችሁ፣ እንቁላሉን ጨምራችሁ፣ ልክ እንደተያያዘ አቁሙ። ጠፍጠፍ አድርጋችሁ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 1 ሰዓት። ተቆርጦ የተረፈውን ቁርጥራጭ ሰብስባችሁ ድጋሚ ስትዳምጡም እንደገና ፍሪጅ ይግባና ይረፍ፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያው ትሪ አምሮለት ሁለተኛው የሚበላሽበት ይሄን ስለሚዘል ነው። ቤኪንግ ፓውደር እኔ በቅቤው ሊጥ ላይ ባይገባ እመርጣለሁ፣ ግዴታ ከሆነም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፣ ሊጡን ሲያነሳው ያጣበቃችሁትን ይከፍተዋል። አዲስ አበባ ሆናችሁ የምትጋግሩ ደግሞ ከዛም ቀንሱ፣ ከፍታ ቦታ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ትንሽዋ ቤኪንግ ፓውደር ብዙ ትሰራለች።

ንጥር ቅቤ ይሆናል ወይ ለሚል፣ አይሆንም። ቅመሙን እንኳን ብንተወው ሲነጠር ውሃው ወጥቷል፣ የገበታ ቅቤ ግን 16 በመቶ ገደማ ውሃ አለው፣ ሊጡ እንዲያያዝ የምትረዳው ያቺ ውሃ ናት። በንጥር ቅቤ የተሰራው ስታጥፉት ይሰነጠቃል።

አሁን እዚህ ጋ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፣ ቅቤ ወይስ ዘይት። በአይሁድ የምግብ ሕግ ስጋና ወተት አብረው አይበሉም፣ የፑሪም ግብዣ ላይ ደግሞ ብዙ ቤት ስጋ ይቀርባል፣ ስለዚህ በቅቤ የተሰራ ኩኪስ ከስጋው በኋላ እዛው ማዕድ ላይ ሊቀርብ አይችልም። ለሰው ስትልኩም ተቀባዩ መቼ እንደሚበላው አታውቁም። ለዚህ ነው ብዙ እናቶች በዘይት ወይ በማርጋሪን የሚሰሩት፣ ፓርቬ ይባላል፣ ስጋም ወተትም የሌለበት ማለት ነው (ማርጋሪን ግን አንዳንዱ የወተት ነገር ስላለበት ጽሑፉን አንብቡ)። የምትልኩለት ሰው ኮሸር፣ ማለትም ይሄን የምግብ ሕግ፣ የሚጠብቅ ከሆነ ደግሞ ንጥረ ነገሩ ብቻ አይበቃም፣ ዕቃውም ኦቨኑም ይታያል፣ ስለዚህ ከቤታችሁ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁት፣ ማንም በዚህ አይቀየምም። እንደውም ደስ ይላቸዋል።

የዘይቱ ሊጥ ጠባዩ ለየት ይላል። ዘይት ድሮም ፈሳሽ ስለሆነ ፍሪዘር እንደ ቅቤው አያደርቀውም፣ ስለዚህ ጉልበቱን ከዱቄቱና ከአጣጠፉ ነው የሚያገኘው። 320 ግራም ዱቄት፣ 100 ግራም ስኳር፣ 100 ሚሊ ዘይት፣ 80 ሚሊ የብርቱካን ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው፣ እንቁላል የለውም። ከቅቤው ትንሽ ወፈር ተደርጎ ይዳመጣል። ይሄንን ሆን ብዬ እንቁላል ያላስገባሁበት ምክንያት አለኝ፣ ፑሪም አብዛኛውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። እስራኤልም ሆነ አሜሪካ ከአይሁድ ቤተሰቦች ጋር የሚሰሩ ወይ ልጆቻቸው ከአይሁድ ልጆች ጋር የሚማሩ ጿሚ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፣ ኩኪሱ ሲመጣላቸው አይበሉትም፣ እነሱም መልሰው መላክ ይፈልጋሉ። በዚህ ሊጥ ተሰርቶ ውስጡ ተምር ወይ ፕሩን (የደረቀ ፕለም) ከገባበት ለጾመኛውም ይሆናል።

ፊሊንጉ፣ ማለትም ውስጡ የሚሞላው ነገር፣ ላይ ነው ዋናው ነገር። እውነቱን ለመናገር ሊጡ ፍጹም ሆኖ እንኳን ፊሊንጉ ቀጭን ከሆነ ምንም አያድነውም። ቀጭን ጃም ውስጥ ብዙ ውሃ አለ፣ ውሃው ኦቨን ውስጥ ይፈላል፣ እንፋሎት ሲሆን መጠኑ በጣም ይጨምራል፣ መውጫ ሲያጣ ያጣበቃችሁትን ገፍቶ ይወጣል። ሳምቡሳ ብታዩት ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል፣ ይሄኛው ግን መሃሉ እንደ ኪስ አፍ ክፍት የሚተወው አንድም እንፋሎቱ እንዲወጣ ነው፣ ስለዚህ ቀዳዳዋን ሙሉ በሙሉ አትድፈኗት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ትቅር። ፊሊንጉ ደርሷል ወይ የሚለውን ለማወቅ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጉና በማንኪያ ጀርባ መስመር ስሩበት፣ መስመሩ ተመልሶ ካልተሞላ ደርሷል፣ ከተሞላ ገና ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ሪሲፒው 10 ደቂቃ ቢላችሁም ሰዓቱን ትታችሁ መስመሩን እመኑ።

የጥንቱ ፊሊንግ ፖፒ ሲድ ነው፣ እስራኤል ውስጥ ፔሬግ የሚሉት ጥቁር ደቃቅ ፍሬ። በጀርመንኛ ተናጋሪ አገሮች የፖፒ ሲድ ኪስ የሚባል መጋገሪያ ድሮም ነበር፣ አይሁዶቹ ለፑሪም ወሰዱት፣ የሐማ ስምም ተለጠፈበት። የሐማ ባርኔጣ ነው የሚለው ለልጆች የሚነገረው ታሪክ ግን ኋላ የመጣ ነው፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ የአውሮፓ እንጂ የፋርስ አይደለም። ስለ ፍሬው ሌላም ነገር ይነገራል፣ ታልሙድ በሚባለው የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ላይ አስቴር ቤተ መንግሥት ውስጥ ያልተፈቀደ ነገር ላለመብላት ፍሬና ጥራጥሬ ትበላ ነበር የሚል አለ፣ የፑሪም ፊሊንግ ከፍሬ የሚሰራው ለሷ መታሰቢያ ነው ይላሉ። ይሄንን ታሪክ በጣም ነው የምወደው፣ ጾም የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይገባዋል።

ፖፒ ሲድ ሳይፈጭ አይሆንም። ፍሬው እንዳለ ከገባ ጥርስ ስር ከመንኮሻኮሽ በቀር ጣዕም የለውም፣ ውስጡ ያለው ዘይትም አብሮት የሚበስለውን ወተት አያወፍረውም። የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ አሪፍ ይሰራል፣ ቡናው በደንብ ተጠርጎ እንጂ። በትንሽ በትንሹ አስገብታችሁ ቀለሙ ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ግራጫ ሲለወጥና ጠርዙ ላይ ርጥብ ሆኖ መያያዝ ሲጀምር አቁሙ፣ ከዛ በላይ ከሄደ ቅባት ይሆናል። 150 ግራሙን ከ120 ሚሊ ወተት፣ ከ80 ግራም ስኳርና ከሁለት ሾርባ ማንኪያ ማር ጋር ለስለስ ያለ እሳት ላይ እያማሰሉ 10 ደቂቃ ገደማ፣ ከዛ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ለፓርቬ ወይ ለጾም ወተቱን በውሃ ቀይሩት፣ ለጾም ማሩንም ብትተዉት ስኳሩን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ስትገዙት ደግሞ አሽትቱት፣ ቅባት ስላለው ቶሎ ይበላሻል፣ የቆየ ዘይት ከሸተተ ወይ ምላስ ላይ ከመረረ ምንም ስኳር አይሸፍነውም።

አረብ አገር ያላችሁ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ፖፒ ሲድ ኦፒየም ከሚወጣበት ተክል ነው የሚገኘው፣ ለምግብ የሚሸጠው ፍሬ አያሰክርም፣ ግን የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ውስጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ለኬክ ነው ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። የሳውዲም ሕግ እንደዛው ነው። ከአውሮፓ ወይ ከእስራኤል ስትመለሱ ሻንጣ ውስጥ ፍሬውንም፣ ፍሬው ያለበትን ኩኪስም አትያዙ።

እናንተ ጋ ደግሞ ከማንም የተሻለ ተምር አለ። ተምር ስል ለማጽናኛ አይደለም፣ የኢራቅ አይሁዶች ለፑሪም የሚጋግሩት በተምር የተሞላ ኩኪስ ነው፣ ሽምብራ የገባበት ሳምቡሳቸውም የዚሁ በዓል ምግብ ነው። 250 ግራም ፍሬው የወጣለት ለስላሳ ተምር፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ቀረፋ፣ እሳት ላይ ሆኖ በማንኪያ እስኪላቁጥ መጫን ነው። ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው፣ ውሃው ትንሽ ስለሆነ አይፈላም አይፈስም፣ በጣት ድብልብል ተደርጎ ሊጡ ላይ ይቀመጣል።

ፕሩን የራሱ ታሪክ አለው። በ1731 ቦሄሚያ ውስጥ፣ የዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ ማለት ነው፣ ምላዳ ቦለስላቭ በምትባል ከተማ ዳቪድ ብራንዳይስ የሚባል አይሁዳዊ ነጋዴ የተመረዘ የፕለም ማርማላት ሸጦ ሰው ገደለ ተብሎ ታሰረ። በኋላ ሟቹ የሞተው በመርዝ ሳይሆን በበሽታ እንደነበር ተረጋግጦ ነጋዴው ተፈታ፣ ቤተሰቡም ከፑሪም 4 ቀን በፊት ያንን ቀን በፕለም ማርማላት ያከብረው ጀመር። በውሸት ክስ ሊጠፉ የነበሩ ሰዎች መዳናቸው ከአስቴር ታሪክ ጋር ሲገጥም እዩት። አሠራሩ ቀላል ነው፣ 250 ግራም ፕሩን በ120 ሚሊ የብርቱካን ጭማቂ 15 ደቂቃ በዝግታ ቀቅሎ መላቆጥ። የሱቅ ጃም ካላችሁ እሳት ላይ ውሃውን አሳጥታችሁ ተጠቀሙ፣ ወይ ኩኪስ ፈጭታችሁ አንድ ሁለት ማንኪያ ቀላቅሉበት ውሃውን ይጠጣዋል። ኑቴላ ለሚፈልጉ ልጆች ደግሞ በሻይ ማንኪያ እየቆነጠራችሁ ወረቀት ላይ ፍሪዘር አስገቡና ደርቆ ነው የሚታጠፈው።

የኢትዮጵያ አይሁዶች ይሄን ኩኪስ ያገኙት እስራኤል ከገቡ በኋላ ነው፣ የአውሮፓ አይሁዶች ነው። ጎንደር ሳሉ የነበራቸው በግዕዝ የተጻፈው የአስቴር መጽሐፍና የአስቴር ጾም ነበር። ዛሬ እስራኤል ያደጉት ልጆች ከመዋለ ሕፃናት ጀምረው ይጋግሩታል፣ አያቶቻቸው ጾሙን ነው የሚያስታውሱት፣ ሁለቱም ከአንድ ታሪክ የወጣ ነውና ልጆቹ ኩኪሱን ሲያጥፉ ስለ ጾሙም ቢነገራቸው ደስ ይለኛል።

ወደ አጣጠፉ እንምጣ። ሊጡን ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ዳምጡ፣ ከዛ ከሳሳ ይቀደዳል፣ ከወፈረ አይታጠፍም። አፉ 8 ሴንቲሜትር በሆነ ብርጭቆ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ። ክቡን ገልብጡት፣ ዱቄት የተነሰነሰበት ጎን ወደ ውጪ ይሁን፣ ምክንያቱም ዱቄት የነካው ጠርዝ ከጠርዝ ጋር አይጣበቅም፣ ይቺን ብዙ ሪሲፒ አይጽፋትም ግን ትልቅ ለውጥ አላት። ጠርዙን ዙሪያውን በእንቁላል ነጭ በስሱ ቀቡት፣ ለጾም በውሃ። መሃሉ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ፊሊንግ፣ አይብለጥ፣ ዙሪያውን 1.5 ሴንቲሜትር ባዶ ይቅር። ከዛ ሦስቱን ማዕዘን ቆንጥጦ ከማቆም ይልቅ ማነባበሩ ይሻላል፣ የግራውን ወደ መሃል እጠፉ፣ የቀኙን በላዩ ላይ፣ የታችኛውን ወደ ላይ አምጡና አንዱን ጫፉን ከግራው ስር ሹጡት፣ ሌላውን በቀኙ ላይ አሳርፉት። እንደዚህ ሲሆን እያንዳንዱ ጎን አንዱን ይጫናል በአንዱ ይጫናል፣ ሊጡ ሲለሰልስ እንኳን የሚላቀቅበት ቦታ የለውም። መጨረሻ ላይ ሦስቱን ጫፎች በጣት ጫን አድርጉ።

ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት አንጥፋችሁ ደርድሯቸውና ፍሪዘር 20 ደቂቃ። ኦቨኑ አስቀድሞ 180 ዲግሪ ይሙቅ፣ ማራገቢያ ያለው ከሆነ 170። ሞቅ ያለ ትሪ ላይ አትደርድሩ፣ ሁለተኛውን ዙር ስትጋግሩ ትሪው ይቀዝቅዝ፣ አለዚያ ፍሪዘር ውስጥ ያቆያችሁት ከታች ይቀልጣል። ከ12 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጠርዙ ወርቃማ ሲሆን አውጡት፣ ላዩ ገና የነጣ ቢመስልም ይበቃዋል፣ ትሪው ላይ እያለ ይደርቃል። ትኩስ እያለ አታንሱት ይሰበራል።

ለሰው የሚላክ ከሆነ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ 4 እና 5 ቀን ይቆያል፣ በየድርድሩ መሃል ወረቀት ይግባ፣ አይሲንግ ሹገር የምትነሰንሱበት ከሆነ በዛው ቀን እንጂ ቀድማችሁ አይሁን ጃሙ ያርሰዋል። ሁለት አይነት ምግብ መሆን ስላለበት ከኩኪሱ ጋር ፍራፍሬ ወይ ጭማቂ ጨምሩ። በዓሉ የሥራ ቀን ላይ ከዋለባችሁ ደግሞ ከሳምንት በፊት አጥፋችሁ ጥሬውን ፍሪዘር ክተቱት፣ በዋዜማው ማታ ሳታሟሙት በቀጥታ ኦቨን ውስጥ ይገባል፣ ሁለት ደቂቃ ብቻ ጨምሩለት።